በእርሳስ የተጻፈው አምስት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1985፣ ሐሙስ። አርዲስ ኬተልሰን ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አምስተኛውን ገጽ ጀምራ ነበር። አራቱ ገጾች አልቀዋል፤ በእያንዳንዳቸው ግርጌ በቀለም ፈርማባቸዋለች። አምስተኛው ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም አላለቀም። «ሴፕቴምበር 21 ቀን 1984 በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ቁጥር» ይልና ይቆማል። የብዕሩ ክዳን ተገጥሟል፤ ወረቀቱ እንዳይበር የጨው ዕቃው ተጭኖበታል። እንዲህ የምታደርገው ተመልሳ ልትቀጥል ስታስብ ነው።

አልተመለሰችም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቷ በገዛ ደጃፏ፣ መኪናዋ ውስጥ አገኛት። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ቁልፉ በእጇ ነው። ስልሳ ዓመቷ ነበር። የሞት ምስክር ወረቀቱ «ልብ» ይላል። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ደግሞ «ሥራ በዝቶባት ነው» ተባለ፤ ይህን ያሉት ሥራዋን የሰረዙባት ሰዎች ናቸው። አርዲስ ሥራ በዝቶባት አያውቅም።

የባንክ መርማሪ ነበረች። በቆሎ ከአድማስ እስከ አድማስ በሚበቅልበት በዚህ ሜዳ፣ ግዛቱ ፈቃድ የሰጣቸውን ትናንሽ ባንኮች እየዞረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት መርምራለች። ሰኞ ጠዋት ባንኩ ሳይከፈት ማንም ሳያውቅ ትደርስና መታወቂያዋን በበሩ መስታወት ላይ ትለጥፋለች። ከሚመረመር ባንክ ቡና እንኳ አትቀምስም። ምሳዋን መኪናዋ ውስጥ ትበላለች፤ በበረዶም ቢሆን፣ ሞተሩን አስነስታ፣ የአይብ ሳንድዊቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ። መኪናዋን ባንኩ ፊት አታቆምም። የመንግሥት ሰሌዳ ባንክ ፊት ከታየ ከተማው በግማሽ ቀን ያወራል፤ ካወራ ደግሞ ተሰልፎ ገንዘቡን ያወጣል። ስለዚህ መርማሪዎች ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያቆማሉ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰኞ ዕለት ከሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የቆመ እንግዳ መኪና ካያችሁ፣ መጸለይ የሚያስፈልገው ባንኩ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር፣ መርማሪዎቹ ራሳቸው።

እሷን በሌላ ነገር ነበር የሚቀልዱባት፤ በቀለሟ። «አርዲስ የገበያ ዝርዝሯን ሳይቀር በቀለም ጽፋ፣ ቀን አስገብታ፣ ትፈርምበታለች» ይሏት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ምርመራ ሲያልቅ ባንኩ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ጤነኛ ነው። ሦስት ማለት ታሟል፣ ግን ይድናል ነው። አምስት ማለት የቀረው ቀብሩ ነው። ቁጥሩን የሚያውቁት መሥሪያ ቤቱና የባንኩ ቦርድ ብቻ ናቸው፤ ለሌላ ሰው መንገር ወንጀል ነው፤ ለባል፣ ለእናት፣ ለማንም። በየትኛውም ደንብ ላይ ያልተጻፈ አንድ ልማድም ነበር። መርማሪው ሪፖርቱን በሙሉ በቀለም ይጽፍና ያችን አንዲት ቁጥር በእርሳስ ያስቀምጣታል። አለቆች ይነጋገሩባታል፤ ከተስማሙ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ በቀለም ያደምቃታል። አርዲስ ይህን አንድም ቀን አድርጋ አታውቅም። ቁጥሩን የምትጽፈው በቀለም፣ ወረቀቱን ሊበሳው በሚደርስ ከባድ እጅ ነበር። «ያየሁት እኔ ነኝ። ያላየ ሰው ለምን ያደምቀዋል?» ትል ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ በእርሳስ ጻፈች።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1984 ወደ ሆልበርግ ስትላክ አልፈለገችም ነበር። ሆልበርግ የተወለደችበት ከተማ ነው። ወንድሟ ሌላንድ እዚያ ያርሳል፤ ሒሳቡም እዚያው ባንክ ነው። ይህንኑ ጽፋ ሌላ ሰው እንዲላክ ጠየቀች። በሁለት ቀን መልስ መጣ፦ ወንድምሽ ተበዳሪ እስካልሆነ ድረስ የሚከለክልሽ ነገር የለም፤ ሰው የለንም። ሰው የለንም ማለቱ እውነት ነበር። ያን ዓመት አርባ አንድ መርማሪ ለሦስት መቶ ባንክ ነበር የቀረው። ቁጥጥር በሚያስፈልግበት ዘመን የመርማሪዎችን ደሞዝ ያገደ ምክር ቤት፣ መርማሪዎቹ አንድ በአንድ ለባንኮቹ ሲቀጠሩ ዝም ብሎ አየ። በኋላ ግን «ተቆጣጣሪዎቹ የት ነበሩ?» ብሎ የጮኸው ራሱ ነው።

የመሬት ዋጋ በግማሽ ወርዷል። የብድር ወለድ ጣሪያ ነክቷል። ገበሬው ባረሰ ቁጥር ይከስራል። የሆልበርጉ ባንክ ፕሬዚዳንት ሮላንድ ፒፕግራስ ግን መዝገቡ ላይ አንድም የተበላሸ ብድር አልነበረውም። ወለድ መክፈል ያቃተው ገበሬ ሲመጣ አዲስ ብድር ይሰጠዋል፤ በአዲሱ ብድር የአሮጌው ወለድ ይከፈላል፤ መዝገቡ ላይ ሁሉም ሰው ከፋይ ነው። ፒፕግራስ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ በልጅነት ስሙ የሚጠራ ሰው ነበር።

«ወይዘሪት ኬተልሰን፣ ቢያንስ ቡና ይቅመሱ። መርዝ አልጨመርኩበትም» አላት በሦስተኛው ቀን።

«መርዙ ፋይሉ ውስጥ ነው፣ አቶ ፒፕግራስ። ይህን መሬት በኤከር ሦስት ሺህ ዶላር ብሎ የገመተው ማን ነው?»

«ገበያው ነዋ።»

«ገበያው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ይነሣል። እርስዎም የገበሬ ልጅ ነዎት፤ መሬት ወድቆ ሲቀር አይተው ያውቃሉ?»

«የገማቹ ፊርማ የእርስዎን ይመስላል።»

«የሚስቴ ወንድም ነው» አለ ፒፕግራስ ቡናውን ራሱ እየጠጣ። «አንድ አስተማሪ ነው ያስተማረን።»

ሁለት ሳምንት ቆጠረች፣ አመሳከረች፣ በጭቃ ጎማ እየሄደች ለመያዣ ተመዝግበው የሌሉ ከብቶችን በየበረቱ ፈለገች። ሰባት መቶ ላሞች ያስያዘ አንድ ሰው በረቱ ውስጥ የነበሩት አንድ መቶ ሰባ ነበሩ። ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 21፣ የባንኩ ካፒታል ተሟጦ ማለቁ ለእሷ ግልጽ ነበር። ግን ደግሞ ያ ቀን መጥፎ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት ወረዳ ያለ አንድ ጤነኛ ባንክ፣ መንግሥት ሆልበርግን ከዘጋው ሙሉውን የሕዝብ ተቀማጭ ይዞ ሊገዛው ፈቃደኛ ነበር። ቶሎ ከተደረገ አንድም አስቀማጭ አንድም ሣንቲም አያጣም። አርዲስ ይህን ለማየት ነበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው፦ ባንክ በወቅቱ ሲሞት፣ ሰው ሳይሞት።

ከባንኩ ጓዳ ሆና ለአለቃዋ ለዌንዴል ኦስትግሬን ደወለች። ኦስትግሬን የምርመራ ክፍል ምክትል ኃላፊ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሁልጊዜ ድካም የሚሰማው።

«አምስት ነው» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አቶ ኦስትግሬን፣ ስንት ዓመት አብረን ሠራን?»

«ስሚኝ አርዲስ» አላት። «ይቺን አንዲት ጊዜ ብቻ ቁጥሩን በእርሳስ ተዪልኝ። በቀለም ከመጣ ዛሬውኑ መመዝገብ አለበት፤ ከተመዘገበ የፌዴራሉ የተቀማጭ መድን ሰዎች በራሳቸው ፍጥነት ይነዱታል፤ ገዢው ባንክ ይደነግጣል። እርሳስ ከሆነ ሰኞ ቁጭ ብዬ ዋጋውን አስማማለሁ። ለአስቀማጮቹ ስትዪ።»

ለአስቀማጮቹ ስትል። ቦርሳዋ ውስጥ እርሳስ ስላልነበራት ከፒፕግራስ ጸሐፊ ተዋሰች። አምስትን ጻፈች፤ በለመደችው ከባድ እጅ። ከበታቹ በቀለም ፈረመች።

ሰኞ መጣ፣ ሄደ። በኖቬምበር ምርጫ ነበረ። ያን ክረምት ዘጠኝ ባንኮች ተዘግተው ስለነበር አሥረኛው ከምርጫው በፊት እንዲዘጋ የሚፈልግ ባለሥልጣን አልነበረም። ከምርጫው በኋላ ደግሞ ገና ደረሰ፤ በገና ሰሞን ባንክ አይዘጋም ተባለ። አርዲስ ሦስት ማስታወሻ ጻፈች፦ ኦክቶበር 9፣ ኖቬምበር 13፣ ዲሴምበር 4። ሦስቱም ፋይሉ ውስጥ አሉ። አንዳቸውም መልስ የላቸውም። ይህ ሁሉ «ገበያውን ማረጋጋት» ይባል ነበር። የተረጋጉት ቢሮ ውስጥ የተቀመጡት ናቸው።

ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ እሑድ፣ ሌላንድ ለምሳ መጣ። የአተር ሾርባ ነበር። ሌላንድ በአምስት ዓመት ያንሳታል፤ አጥንቱ ሰፊ፣ ቀልዱ ደረቅ። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና «ሸጥኩት» አላት።

«ምኑን?»

«መሬቱን። ማሽኑን። ቤቱና ወርክሾፑ ብቻ ቀሩኝ። አንድ የከተማ ሐኪም ገዛኝ፤ ፈረስ ሊያረባ ነው አሉ።» ሳቀ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ፣ አርዲ። ዕዳ የለብኝ። በዚህ ወረዳ ቆሞ የወጣ ገበሬ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።»

«ደስ ይላል» አለችው። በእርግጥም ደስ ብሏት ነበር፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

«ነገ ሆልበርግ አስገባዋለሁ። ፒፕግራስ ለትልቅ ገንዘብ ሩብ ፐርሰንት ይጨምርልኛል።»

አርዲስ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ባንክ ቢወድቅ የመንግሥት መድን የሚከፍለው እስከ መቶ ሺህ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። ለሁለት ባንክ ለምን አታካፍለውም? ለሦስት?»

«ለሦስት? ሮክፌለር አደረግሽኝ እኮ።»

«ለሁሉም ሰው የምለው ነው። ለማንም።»

«ተይ እቴ። ሌላ ባንክ ቢሆን እሺ። ይሄን ባንክ አንቺ አይደለሽ እንዴ የመረመርሽው? በሴፕቴምበር መኪናሽን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አይቻታለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ። የሆነ ነገር ቢኖር ትነግሪኝ የለ?»

አፏን ከፈተች። ቃሉ አንድ ነበር፤ አጭር ነበር። ያን ቃል መንገር አምስት ዓመት እስራት ነው። ያን ቃል አለመንገር ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያከበረችው ሙያ ነው፤ አንድ መርማሪ ለወንድሙ ከተናገረ፣ ወንድሙ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለከተማው፣ ሰልፍ፣ ዋይታ። ደግሞም፣ ነገሩን የሚያስመርር የሚያደርገው ይህ ነው፣ አሁንም ታምናቸው ነበር። በዚህ ሳምንት ይዘጉታል፤ ገዢው አለ፤ ሙሉ ገንዘቡን ያገኛል ብላ ነበር።

«ሾርባ ልጨምርልህ?» አለችው።

በማግስቱ መቶ አርባ ማይል ነድታ ዋና ከተማ ገባች። ኦስትግሬን ቢሮ ስትገባ እንደተለመደው ከወንበሩ ተነሣ፤ ጨዋ ሰው ነው።

«ሆልበርግ ለምን አልተዘጋም?»

«ሦስት የሆነ ባንክ አይዘጋም።»

«አምስት ነው የሰጠሁት።»

«የሰጠሽው በእርሳስ ነው» አላት ኦስትግሬን ለስላሳ ድምፁን ሳይቀይር። «ቁጥሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ አርዲስ። የመርማሪው አይደለም። አንቺ የምታዪው አንድ ባንክ ነው፤ እኛ የምናየው ሦስት መቶ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን እንደሚጎትት ታውቂያለሽ።»

«ፊርማዬስ? እሱስ የማን ነው?»

«ሪፖርቱ አንድ ነው።»

«ከሦስቱ ሥር ስሜን ተዋችሁት ማለት ነው።»

«ማንም አያየውም» አላት። «ሚስጥር ነው።»

ገዢው ባንክ በፌብሩዋሪ አጋማሽ እጁን አወጣ። ጉድጓዱ በየሳምንቱ እየሰፋ ነበርና ምን ያድርግ? ማርች 6 የፒፕግራስ አማት መቶ ሰማንያ ሺህ ዶላሯን በአንድ ቼክ አወጣች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከአልጋ አትወርድም፤ ግን ገንዘቧ በእግሩ ሄደ። ፒፕግራስ የራሱን ባንክ ሁኔታ ማወቅ መብቱ ነበር፤ ሌላንድ ግን መብት አልነበረውም። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። ይህን ሕግ የጻፈ ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ አያውቅም።

ኤፕሪል 12፣ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ባንኩ ተዘጋ። ገዢ የለም። እስከ መቶ ሺህ ያለው ገንዘብ ለየባለቤቱ ይከፈላል፤ ከዚያ በላይ ያለው፣ የባንኩ ንብረት ሲሸጥ፣ ከዶላሩ ምናልባት ሠላሳ ሣንቲም፣ ምናልባት በአራት ዓመት። ቅዳሜ ጠዋት ሰው እስከ እህል ጎተራው ድረስ ተሰለፈ። አርዲስ በዘጊዎቹ ቡድን ውስጥ ተመድባ ከመስታወቱ ወዲህ ነበረች። ሌላንድ አሥራ ስድስተኛ ነበር። ተራው ሲደርስ ወረቀቱን ከሌላ ሠራተኛ ተቀበለ፤ አነበበ፤ እንደገና አነበበ። ከዚያ በሠራተኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ እህቱን አያት።

በጁላይ የምክር ቤቱ ኮሚቴ የተዘጉትን ባንኮች ቁጥሮች ይፋ አደረገ፤ ጋዜጣው በሰንጠረዥ አወጣቸው። ሆልበርግ፣ የመጨረሻ ምርመራ ሴፕቴምበር 1984፣ ደረጃ ሦስት፣ መርማሪ አ. ኬተልሰን። ሚስጥር ነው የተባለው ገጽ ለሁለት ሺህ ገበሬ ቤት በየፖስታ ሣጥኑ ገባ። ሌላንድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን አላነሣም። ቤተ ክርስቲያን ሲያያት በሌላው በር ይወጣል። ሽያጩ ከተፈጸመ ወዲህ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በቤቷ ፊት ያልፋል፣ ፊቱን ወደ መንገዱ ቀጥ አድርጎ።

ኦክቶበር 3 አርዲስ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደችና የሆልበርግን ፋይል ጠየቀች። የመጀመሪያውን ገጽ አወጣች። ሦስቱ በሰማያዊ ቀለም፣ ክብ ባለ፣ የእሷ ባልሆነ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍበት አዘነበለችው። ላጲስ እርሳሱን ያነሣል እንጂ የእጅን ክብደት አያነሣም። ከሦስቱ ሥር፣ ወረቀቱ ውስጥ ተቦርቡሮ፣ አምስቱ አለ።

«ይህን ገጽ ማንም እንዳይነካው» አለች።

ማንም አልነካውም። አሁንም እዚያው ነው፤ ማየት የፈለገ ሰው መስኮት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በማግስቱ ለኮሚቴው ጻፈች፤ ኖቬምበር 18፣ ሰኞ፣ ቃሏን እንድትሰጥ ተቀጠረች። ኦስትግሬን ቤቷ ድረስ ደወለ። «ለጡረታሽ አሥራ አራት ወር ነው የቀረሽ» አላት፣ ደክሞት። «የምርመራ ሚስጥር ያወጣ ሰው ጡረታ የለውም። እኔ አይደለሁም የምለው፤ ሕጉ ነው።» አርዲስ ስልኩን ዘጋችና የመጀመሪያውን ገጽ ጀመረች። የገንዘቡ ነገር አልነበረም። ሌላንድ፣ እሷ ያን ባንክ ጤነኛ ነው ብላ የፈረመች ይመስለዋል፤ አንዲት ነገር እንዲያውቅ ነበር የምትፈልገው።

ሰኞ ሲደርስ ተቀብራ ነበር። ኮሚቴው አራቱን ገጾች ተቀበለና አምስተኛው ስላልተፈረመ፣ የጻፈችውም ልትምልበት ስለማትችል፣ «ያልተሟላ» ብሎ መለሳቸው። ለውይይት አልተነበቡም። ሊቀ መንበሩ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ሲያልፍ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነሣ።

«አምስት ነው የጻፈችው» አለ ሌላንድ።

«ጌታዬ፣ ስምዎ በተናጋሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይቀመጡ።»

«ተቀምጬ ነበር። ሁላችንም ተቀምጠን ነበር፣ እናንተ ሦስት ስትሉን። አምስት ነው! ነግራኛለች።»

ዘበኛው በክርኑ ይዞ አስወጣው። በቃለ ጉባዔው ላይ «ከታዳሚዎች ድምፅ» ይላል፤ ምን የሚል ድምፅ እንደሆነ አይልም። ኦስትግሬን በተከታዩ ጁን በክብር እራት፣ ከወርቅ ቅብ ሰዓት ጋር፣ ጡረታ ወጣ። ጡረታው ሙሉ ነው።

ሌላንድ እንዴት እንዳወቀ የሚነግረን ያ ሐሙስ ነው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ «የጻፍኩት ቁጥር» ከሚለው ቃል ላይ አርዲስ ቆመች። ለኮሚቴ ከመንገሯ በፊት መጀመሪያ መስማት ያለበት ሰው ነበረ። ደግሞም ከምድር ቤቷ ደረጃ ሥር የሌላንድ ትልቁ የቧንቧ መፍቻ ነበር። ባለፈው ዓመት ማርች፣ ቧንቧዋ በበረዶ የፈነዳ ጊዜ፣ የተዋሰችው ነው። ያን ሳምንት ዝገቱን በናፍጣ አስለቅቃ፣ ዘይት ቀብታ፣ በጋዜጣ ጠቅልላዋለች። ኮቷን ለበሰች፤ የጨው ዕቃውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች፤ ወጣች።

ሌላንድ ወርክሾፑ ውስጥ ነበር፤ አውቶቡሱን ሊያወጣ አንድ ሰዓት ይቀረዋል። በሩ ላይ ሲያያት ከሥራ አግዳሚው ቀና አላለም።

«ምን ፈለግሽ?»

«መፍቻህን ልመልስ ነው።»

«ዛሬ ትዝ አለሽ? ሃያ ወር ሆነው እኮ። እኔማ ከባንኩ ጋር አብሮ የሄደ መስሎኝ ነበር።»

አልሳቀችም። ጋዜጣውን ፈታችና መፍቻውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

«አምስት ነው የጻፍኩት፣ ሌላንድ።»

«ምኑን?»

«የሆልበርግን። በሴፕቴምበር። መዘጋት አለበት ብዬ ነው የጻፍኩት። ሦስት ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ከሥሩ ስሜን ተዉት።»

ሌላንድ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ብዙ ጊዜ ጠረገ፤ እጁ ከጸዳ በኋላም።

«እንግዲያው ያን እሑድ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ወጥ ቤትሽ ቁጭ ብዬ፣ ልክ እንደ ጅል ስፎክር።»

«አዎ።»

«ሾርባ ጨመርሽልኝ።»

«ጨመርኩልህ።»

«ሕግ ነው አትበዪኝ ብቻ! ፒፕግራስ የአማቱን ብር ሲያሸሽ ሕጉ የት ነበር? በእኔ ላይ ብቻ ነው ሕግ የሚሆነው?»

«ሕግ ነው» አለች አርዲስ። «አሁን የነገርኩህም ወንጀል ነው። ያን ቀን ልነግርህ ይገባኝ ነበር። አልነገርኩህም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ቁጥሩን እንድታውቅ ነው።»

ከውጭ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያንኳኳል። ሌላንድ ጨርቁን ወረወረ።

«ሰኞ ይህንኑ ትያቸዋለሽ? ሁሉም ባለበት?»

«እላቸዋለሁ።»

«ጡረታሽስ?»

«ይብሉት።»

«በስንት ሰዓት ነው?»

«በሦስት። የምክር ቤቱ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ።»

ይመጣ እንደሆነ አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችም። መፍቻውን አነሣና መንጋጋውን አንድ ዙር አዞረው፤ ያለ ድምፅ ዞረ።

«ዝገቱን አስለቅቀሽዋል።»

«በናፍጣ።»

«አባባ በቤንዚን ነበር የሚያደርገው።»

«አባባ አንድ ቀን ጎተራውን ሊያቃጥል ነበር።»

ከአግዳሚው በላይ አባታቸው የሰቀለው ሰሌዳ አለ። በላዩ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በነጭ ቀለም ዙሪያውን ተቀብቷል፦ መዶሻው፣ መጋዙ፣ ጉጠቱ። ከሁሉም ትልቁ ቅርጽ ሃያ ወር ባዶውን ነበር። ሌላንድ መፍቻውን በሚስማሩ ላይ ሰቀለ፤ አጋደለበት፤ በጣቱ ገፋ አድርጎ አቃናው። አርዲስ ጋዜጣውን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ መኪናዋ ሄደች።